ፈረንጁ የመረጠው

አምሐ በኮልፌው ቤቱ በረንዳ ላይ ቆሞ የፈረንጁን ደብዳቤ ለሦስተኛ ጊዜ አነበበው። ሥራው የውጭ አገር አዳኞችን ባሌ ወስዶ ማሳደን ነበር። በዚያ በ1977 ዓ.ም. ግን የጦርነቱንና የድርቁን ወሬ የሰሙት ሁሉ ቀሩበትና እመጣለሁ ብሎ የጻፈለት ይኼ አንዱ ብቻ ሆነ። «የምመጣው ፀሐዬ ከመራኝ ነው፤ አንተ ባትኖርም ግድ የለም» ይላል። አብሮ በተላከው ያለፈው አደናቸው ፎቶግራፍ ላይ ፀሐዬ የአጋዘኑን ቀንድ ይዞ መሃል ተቀምጧል፤ ከአምሐ የሚታየው ትከሻው ብቻ ነው።

ዱካ ተከታዩ ፀሐዬ ግቢው ውስጥ የተቀደደ ድንኳን ይሰፋ ነበር። እንግሊዝኛ አያውቅም።

«ጋሼ፣ ሰውየው ምን አሉ?»

«አልመጣም አለ» ብሎ አምሐ ፎቶግራፉን ኪሱ ከተተው።

«አይዞዎት፣ ሌላ ይመጣል። ያ ጦር ኃይሎች ሰፈር ያለው አሳዳኝ ትናንት ከእኔ ጋር ሥራ ብሎኝ ነበር። ጋሼን በክፉ ቀን ጥዬ አልሄድም አልኩት።»

አምሐ ፊቱ ጋለ። «ዋሽቼሃለሁ» አለ። «ይመጣል። የሚፈልገው ግን አንተን ነው፤ እኔን አይደለም።»

ፀሐዬ ደስታውን ሊደብቅ አቀረቀረ፤ አልቻለም። አምሐ እውነቱን ሲናገር የሚቀልለው መስሎት ነበር። የፀሐዬ ደስታ ግን ከደብዳቤው ይበልጥ አቃጠለው።