ሥጋ የተሸፈነበት ዳቦ

ዳቦውን መጥበሻው ላይ ጫን ስታደርገው ቺዙ በጠርዙ ወጥቶ ተንጨረጨረ። ሥጋ ሻጩ አባቷ ከነሽርጡ መጥቶ የአዲሱን ምግብ ቤቷን የመጀመሪያ ሳንድዊች ይጠብቃል። በእሱ እምነት ሥጋን በቺዝ የሚሸፍን የሚደብቀው ነገር ያለው ሰው ነው። ሳህኑን ከገፋባት፣ በሩን ለደንበኛ የምትከፍትበት ወኔ እንደማይኖራት ታውቀዋለች።

አባትየው ዳቦውን ገመሰው። ቺዙ እንደ ክር ተሳበ፤ በሽንኩርት የበሰለው የተፈጨ ሥጋ እንፋሎቱን ለቀቀ። ጎረሰ። ደግሞ ጎረሰ።

«ጨው አነሰው እንዴ፣ አባዬ?»

«የሚበላ ሰው አይነዘነዝም።»

ጣቶቹን ሳይቀር ላሰ። እሷ ጭልፋዋን እንደያዘች ቀረች። ይሄኔ አንድ መንገደኛ ሽታው ስቦት አንገቱን በበሩ አስገባና ሽማግሌውን «ጋሼ፣ ቤቱ የእርስዎ ነው?» አለው።

አባትየው ደረቱን ነፍቶ ተነሳ።

«የእሷ ነው» አለ። «እኔ ሥጋ አቀባይዋ ነኝ።»