የፍስክ ውኃ

የአገሩ ውኃ ሁሉ ጥርስ የሚያበልዝ ከሆነ ወዲህ ማጣሪያ የሌለው ቤት ቤት አይባልም። ወይዘሮ ደብሪቱ የልጃቸውን ቤት ማጣሪያ አድንቀው አይጠግቡም። ውኃው ደጅ ላይ ጭቃውን ለአሸዋ፣ መርዙን ለጥቁሩ ከሰል ትቶ በየቧንቧው ኩልል ብሎ ይወርዳል።

የሁዳዴ ጾም የገባ ዕለት፣ «ለመሆኑ ከሰሉ የምን እንጨት ነው?» አሉ።

«የበሬ አጥንት ነው እንጂ እማዬ፤ መርዙን የሚይዘው እሱ ነው» አለች ልጃቸው ምንትዋብ።

«በስመ አብ! በሁዳዴ የፍስክ ውኃ ልታጠጪኝ?»

ወጥተው የቧንቧውን መዝጊያ ጥሬው ውኃ ሳይጣራ ወደሚገባበት አዞሩት።

«መስመሩ እኮ አንድ ነው እማዬ! ልጄም ያንኑ ልትጠጣ ነው።»

የልጅ ልጃቸው ያኔት ኩባያዋን ይዛ ስትሰማ ቆይታ፣ «እኔም ከእማማ ጋር እጾማለሁ» ብላ ሳቀች። አዲስ የበቀሉት ጥርሶቿ ወተት ይመስላሉ። ደብሪቱም ሳቃቸው መጣ፤ እንደ ልማዳቸው የበለዘ ጥርሳቸውን በእጃቸው ሸፈኑ። እጃቸው እዚያው አፋቸው ላይ ቀረ።

ቀስ ብለው መዝጊያውን ወደ ቦታው መለሱት። በቧንቧው የቀረው ጥሬ ውኃ እስኪያልቅ አፍስሰው የያኔትን ኩባያ ከተጣራው ሞሉ።

«ጌታዬ፣ የዘንድሮውን ጾሜን ለዚች ልጅ ጥርስ ቁጠርልኝ» አሉና ቀድመው ጠጡላት።