አልብሰኝ

ባሏ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ፓርክ አድርጎ ሞተሩን ሲያጠፋ፣ እሷ ትናንት ስማይርና ፎቶ ቤት ታጥበው የወጡትን የጃፓን ፎቶዎቹን እያገላበጠች ነበር። ቀዩን በር፣ የድንጋይ ፋኖሶቹን፣ ወደ ጥንታዊው የሺንቶ እምነት መቅደስ በሚያወጣው መንገድ ዳር የተደረደሩትን ሻይ ቤቶች አልፋ አንዱ ላይ ስትደርስ እጇ ደረቀ። አብራው ለሥልጠና የሄደችው ፈረንጅ፣ ረጅም ጸጉሯን ለቃ፣ መቅደሱ ፊት እጅ ነሥታ ቆማለች። የለበሰችው ነጠላ፣ ሚስቱ ብርድ እንዳይመታው ብላ ሻንጣው ውስጥ የከተተችለት ነው፤ አሁን እዚሁ መኪና ውስጥ የሚስቱ ጭን ላይ ያለው።

«ዝናብ መታት፣ ሰጠኋት። ሰው አይደለች እንዴ?» አለ፣ ፎቶውን ስትዘረጋለት፣ ፊቷን ሳያይ።

መስጠቱንስ በቻለችው። ነጠላው ግን ትከሻ ላይ ዝም ብሎ ጣል አልተደረገም፤ ለቅዳሴ እንደሚለበሰው ደረት ላይ ተመሳቅሎ፣ ጥለቱ እንደ ወጉ ወርዷል። ፈረንጇ ይህን ከየት አምጥታ? እሱ ደግሞ ሚስቱ ልጅ ታቅፋ «እስቲ አስተካክልልኝ» ባለችው ቁጥር፣ «እኔ የሴት ልብስ የት አውቄ!» ብሎ ጥሏት ሲገባ ነው የኖረው።

ከመኪናው ሲወርዱ ነጠላውን ዘረጋችለት። «አልብሰኝ።»

«እዚህ? ሰው እያየን?»

«አልብሰኝ አልኩህ!»

እንዳያውቅበት በልቧ ለመነች፤ እንዲደናገር፣ ጥለቱን እንዲገለብጠው። እጆቹ ግን አልተደናገሩም። ቀኙን ወደ ግራ፣ ግራውን ወደ ቀኝ ትከሻዋ አሳልፈው አመሳቀሉት። ከዚያም ከነጠላው ሥር የተያዘ ረጅም ጸጉር ቀስ ብለው ሊያወጡ ወደ ማጅራቷ ሄዱ።

የእሷ ጸጉር ከጆሮዋ አያልፍም ነበር።