የዳማ ጥፍር

ሙነወር ውሻውን በገመድ እየጎተተ አምሳሉ ዘንድ የመጣው ሰኞ ረፋድ ላይ ነበር። አምሳሉ ሐይቅ ከተማ ውስጥ እንስሳት ማከም ከጀመረ አሥራ አራት ዓመቱ ነው፤ ላም ሲያዋልድ፣ በሬ ሲያኮላሽ ኖሯል። ውሻ ግን እምብዛም አይመጣለትም። በዚያ አገር የታመመ ውሻ ወይ በራሱ ይድናል፣ ወይ ይሞታል።

ውሻው የክሊኒኩ ደፍ ጋ ሲደርስ ቆመ። ሙነወር ቢጎትተውም አራት እግሩን ተክሎ እምቢ አለ።

«የመድኃኒቱ ሽታ አስፈርቶት ነው» አለና አምሳሉ ተሸክሞ አስገባው።

በጠጉሩ ቀለም ዳማ ይሉታል። ጠረጴዛው ላይ ሲያስቀምጡት የአምሳሉን እጅ ላሰ።

«ጥፍሩን ንቀልልኝ፣ ዶክተር» አለ ሙነወር።

«ምን አደረገ?»

ሙነወር ስልኩን አውጥቶ ፎቶ አሳየው። የአሮጊት ግራ ክንድ ነው፤ ከክርኑ እስከ አንጓው አራት ቀያይ ጭረት ወርዶበታል።

«እማዬ ናት። አልጋ ላይ ከዋለች ሁለት ዓመቷ። ጅዳ ልመለስ ቲኬት በቆረጥኩ ማግስት እንዲህ ቧጨራት። ጉዞዬን ሰርዤ ቀረሁ።»

«እሱ መሆኑን በምን አወቅህ?»

«ራሷ ናት የነገረችኝ። ወይስ እናትህ ትዋሻለች ልትለኝ ነው?»

አምሳሉ እንዲህ ዓይነት ነገር ከአፉ የሚወጣው ሰው አይደለም። ሙነወር ስምንት ዓመት ጅዳ ኖሮ በቅርቡ የተመለሰ ነው፤ ዳማ ተወልዶ ያደገው እሱ በሌለበት ነው። እዚያ የአሠሪዎቹ ድመት ጥፍሯ ሲነቀል አይቷል፤ ቀላል ነገር መስሎታል።

«ስማኝ፣ ጥፍር እንደ ሚስማር ተነቅሎ አይወጣም» አለው አምሳሉ። የሙነወርን አመልካች ጣት ይዞ ጫፉ ላይ ያለችውን አንጓ ጫን አደረጋት። «እዚህ ጋ ነው የሚቆረጠው፣ ከነአጥንቱ። ከዚያ በኋላ ዳገት አይወጣም፣ ሲራመድ ያመዋል። ይሄ ሕክምና አይደለም። እኔ አላደርገውም።»

የውሻውን ጥፍር በመቁረጫ አሳጥሮ፣ ሞርዶ ሰደዳቸው።

ሦስት ሳምንት አልሞላም፣ ሙነወር ተመለሰ። አሁን ሚስቱ ፈዲላም አብራው ነበረች። ዳማ ደፉ ላይ ዳግመኛ ቆመ፤ አሁንም ተሸክመው አስገቡት። አዲሱ ፎቶ ላይ ያለው የአሮጊቷ የተቧጨረ ግራ ጉንጭ ነው።

«ሻንጣዬን እያሰርኩ ነው ጩኸቷን የሰማሁት» አለ ሙነወር። ዓይኑ ቀልቷል። «ከዚህ በኋላ ልመና የለም። ወይ ጥፍሩን ታነሳዋለህ፣ ወይ ዛሬውኑ በመርፌ ትገላግለኛለህ። ይሄን አውሬ ከእሷ ጋር ትቼ አልሄድም። ወላሂ አልሄድም።»

አምሳሉ የዳማን እግር አንስቶ አየ። ጥፍሩ ገና ዱልዱም ነው። እንዲህ ያለ ጥፍር እንዲህ ያለ ጭረት አያወጣም። ቀና ሲል ዓይኑ ፈዲላ ላይ አረፈ። አሮጊቷን ቀን ከሌት የምታገላብጥ፣ የምታጥብ፣ የምታጎርስ እሷ ናት። ጥፍሯ ረዘም ብሎ ሂና ተቀብቷል።

«እሱ እንኳ...» ብላ ጀመረች ፈዲላ። ባሏ ዞር ብሎ ሲያያት አቀረቀረች።

አምሳሉ ያን ቀን የዳማን የፊት እግር ጣቶች ጫፋቸውን ቆረጠ። አሥር ናቸው። ማደንዘዣው ሲለቀው ውሻው አልጮኸም፤ በፋሻ የተጠቀለለውን እግሩን ይልስ ጀመር። አምሳሉ ምሳውን መብላት አቃተው። ነፍሱ ከምትጠፋ ጣቱ ቢቆረጥ ይሻላል እያለ ለራሱ ደጋግሞ ነገረው፤ ራሱ ግን አላመነውም።

በአራተኛው ቀን ፋሻውን ሊቀይር በባጃጅ ወደ አርዲቦ፣ ወደ እነሙነወር ቤት ሄደ። ሙነወር ለቅዳሜው ጉዞ ዕቃ ሊገዛ ወጥቶ አልነበረም። ቤቱ ጠባብ ነው፤ እናቱ ዑምኩልሱም ከጓዳ በኩል ባለው አልጋ ላይ ብርድ ልብስ እስከ አገጫቸው ስበው ተኝተዋል። ዳማ አምሳሉን ሲያይ እያነከሰ መጣና ደፉ ላይ ተጋደመ።

«ና፣ ግባ» አለው አምሳሉ።

«አትልፋ፣ አይገባም» አለች ፈዲላ። «ከቡችላነቱ ጀምሮ ደፍ ረግጦ አያውቅም። የሚሰገድበት ቤት ነው ብለው እሳቸው ናቸው ያስለመዱት።»

የአምሳሉ እጅ ፋሻው ላይ ቀረ።

«ታዲያ ያን ቀን ለምን ዝም አልሽ?»

ፈዲላ ጣቶቿን ነጠላዋ ውስጥ ሸሸገች።

አምሳሉ ደሙ ፈላ። የዚያን የዋህ እንስሳ ጣት በከንቱ ቆርጧል፤ ቅዳሜ ደግሞ ልጁ እናቱን ለዚህች ሴት ጥሎ ሊሄድ ነው። ለብ ያለ ውኃ አምጪልኝ ብሎ ወደ ማድቤት ሰደዳት። ኮቴዋ እስኪርቅ ጠብቆ አልጋው አጠገብ ተንበረከከ።

«እናቴ፣ አይፍሩ። እኔ አለሁ። ማን እንደሆነ ይንገሩኝና ለሙነወር ዛሬውኑ እነግረዋለሁ።»

አሮጊቷ ወደ በሩ አዩ። ቀኝ እጃቸውን ከብርድ ልብሱ ሥር አወጡና የአምሳሉን እጅጌ ጨምድደው ያዙት። የጥፍራቸው ሥር በደረቀ ደም ጠቁሯል።

«ቅዳሜ እኮ ነው የሚሄድብኝ» አሉ በሹክሹክታ። «ጥርሱን ግን አልነቀልክበትም፣ አይደል ልጄ?»