ብርድ ወዳዷ ሸክላ

የኤሌክትሪክ ሽቦ ከቀረ ወዲህ የየቤቱ መብራት የሚጠራቀመው ለሙሽሮች በምትተኮስ አንዲት ሸክላ ውስጥ ነው። ጭቃው ሲቦካ የሙሽራዋ እናት ስትሮንቲየም ያለበት ነጭ ዱቄት በቁንጥር ጣል ታደርግበታለች። ቁንጥሩ በበዛ ቁጥር ሸክላዋ ብርድ ትወዳለች፤ ሙቀት ላይ ግን መብራት አልይዝም ትላለች።

የደብረ ብርሃኗ ወይዘሮ ትርንጎ እጃቸው አይሰስትም። ልጃቸው ምንትዋብ ትዳሯን ድሬዳዋ እንደምትይዝ እያወቁ፣ በደስታ ብዛት ደጋግመው ቆነጠሩ።

ከወራት በኋላ ሊጠይቋት ድሬዳዋ ሲገቡ ሸክላዋ እርጥብ አንሶላ ተከናንባ አልጋው ላይ ተኝታለች። የቤቱ ብቸኛ ማራገቢያ ወደ እሷ ዞሯል። እርጉዟ ምንትዋብና ባሏ ሰይፉ መሬት ላይ ተቀምጠው ላባቸው እየተንቆረቆረ በካርቶን ይራገባሉ።

"ምነው፣ ማን ታመመ?" አሉ እናት ደንግጠው።

ምንትዋብ ሳቋ አመለጣት። "ማንም አልታመመም፣ እማዬ። ካልቀዘቀዘች መብራት አትይዝም። የያዘችውን ደግሞ ማራገቢያው ይጨርስባታል።"

"ታዲያ እናንተስ?"

"እኛማ ማታ አጠገቧ ጠጋ እንላለን፤ ከነፋሱ ይተርፈናል" አለ ሰይፉ።

ወይዘሮ ትርንጎ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ሲበቃቸው እንባቸውን ጠርገው ከሻንጣቸው በጋቢ የተጠቀለለ ነገር አወጡ።

"ለሚወለደው የልጅ ልጄ ብዬ ትንሽዬ ሸክላ ይዤ ነበር" አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "ከመውደዴ ብዛት፣ በዚችኛዋማ ላይ እጥፍ ነው የቆነጠርኩት።"

ሰይፉ ተነስቶ ለትንሿም የአልጋውን ሌላ ጎን አነጠፈ።