ከእረኛው እግር ሥር

ሠዓሊው መጋረጃውን ሲገልጥ የደብሩ አስተዳዳሪ አባ ዘሚካኤል በደስታ ቀና አሉ። ቸሩ እረኛ የጠፋውን ጠቦት በትከሻው ተሸክሞ ቆሟል። ከእግሩ ሥር፣ ሥዕሉን ያሠራው ሰው በሚሣልበት ቦታ፣ ራሳቸው አባ ተንበርክከዋል። ግን ፊታቸው በጎን ነው፤ የሚታየውም አንድ ዓይናቸው ብቻ ነው። በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ በአንድ ዓይን የሚሣሉት ይሁዳና መሰሎቹ መሆናቸውን ሕፃን እንኳ ያውቃል።

አባ ያ ዕለት ትዝ አላቸው። ታጣቂዎች የመጡ ዕለት ዓይነ ስውሩ መሪጌታ ዕንባቆም «አባ፣ እጄን ይያዙኝ!» እያሉ ከቅኔ ማኅሌቱ ሲጣሩ፣ እሳቸው በጓሮ በር ሾልከው አምልጠዋል። በማግስቱ የተገደሉትን መሪጌታ ፍትሐት አድርሰው የቀበሯቸውም ራሳቸው አባ ናቸው። ሲሸሹ ያያቸው ሰው ግን አልነበረም። ሠዓሊውም የሩቅ አገር ሰው ነው።

«ማን ነገረህ?» አሉት።

«ምኑን አባቴ?»

«ታዲያ ለምን በአንድ ዓይን ሣልከኝ?»

ሠዓሊው አንገቱን ደፋ።

«ይፍቱኝ አባቴ። ሦስት ጊዜ በሁለት ዓይን ሥዬዎት ነበር። ጠዋት በመጣሁ ቁጥር ግን ሥዕሉ ላይ ፊትዎን ከጠቦቱ አዙረው ነው የማገኝዎት።»