የተነቀለው ገመድ

የዱዌይን ጢም ላይ የትናንት ሾርባ ደርቋል። ትንባሆውን እያላመጠ ቡና በሚጠጣበት ኩባያ ይተፋል፤ አንዳንዴም ይረሳና መልሶ ይጎነጨዋል። ቤት ስለሌለው የሚያድረው ናፍጣ በሚያመላልሰው ድርጅት ግቢ፣ በሚነዳው መኪና ጋቢና ውስጥ ነው። የግቢው መካኒክ ቬርና ለብርዱ ወራት ማሞቂያውን ልትፈትሽ ጋቢናውን ስትከፍት፣ ከወንበሩ ሥር ሽንት የሞላባቸው ጠርሙሶች በረዶ ሆነው ተደርድረው አገኘች። አፍንጫዋን ያዘች።

"ካልሟሟ እኮ አይሸትም" አላት ዱዌይን ከኋላዋ እየሳቀ።

"ዝም በል! ምሳዬን አታስወጣኝ።"

በሰሜኗ ከተማ በላ ሮንጅ ብርዱ ሲከፋ መኪናም እንደ ከብት ነው፤ ማታ ካልታሰረ ጠዋት አይገኝም። የሞተሩ ማሞቂያ ገመድ ግቢው ውስጥ ካለው ምሰሶ ሶኬት ላይ ይሰካል። ሳይሰካ ካደረ ዘይቱ እንደ ቅቤ ይረጋል፤ ሞተሩም ቢለምኑት አይነሳም።

ቬርና የሁሉንም መኪና ዘይትና ባትሪ ስትቀይር፣ አባቷ ኦርቪል ግን የራሳቸውን መኪና ማንም እንዲነካባቸው አይፈልጉም። የራዲያተሩን የብርድ መከላከያ ፈሳሽ ራሳቸው ሲሞሉ ግማሹን መሬት ላይ አፈሰሱት። ቬርና ጠረገችው።

"እጄ ደንዝዞ ነው" አሉ። "ሐይቁ መኪና እስኪሸከም በረዶ ሆኗል። ነገ ወደ ማዶ መንደሮች ናፍጣ ይዤ ቀድሜ የምሻገረው እኔ ነኝ።"

"አባዬ፣ ዘንድሮ እንኳ ለሌሎቹ ብትተወው?"

"ስሞት እተወዋለሁ።"

ጠዋት መኪናቸው አልነሳም አለ። ገመዱ ተነቅሏል። በማግስቱም እንዲሁ ሆነ። ለሦስተኛ ጊዜ ሲደገም አሠሪው ሃርላን ሾፌሮቹን ሰበሰበ።

"እዚህ የሚያድር አንድ ሰው ብቻ ነው" አለ ዱዌይንን እያየ። "የሽማግሌውን ነቅለህ የራስህን ትሰካለህ አይደል?"

"እኔ ሶኬት አላጣሁም።"

"ታዲያ ሰይጣን ነው የነቀለው?"

ሁሉም ሳቁ። ዱዌይን ኩባያው ውስጥ ተፋ፤ ዝልግልጉ ጢሙ ላይ ተንጠለጠለ።

"አንቺስ ምን ትያለሽ?" አላት ሃርላን ቬርናን።

"ጋቢናውን አይተኸዋል?" አለች ፊቷን አጨፍግጋ። "እንደዚያ የሚኖር ሰው ምን ያፍራል?"

ኦርቪል በንዴት ወደ ፊት ወጡ። "ዕድሜ ልኬን ስነዳ እንዲህ ያለ አውሬ አላየሁም!" አሉና ጣታቸውን ከዱዌይን አጠገብ በቆመው ሾፌር ላይ ቀሰሩ።

"ዕቃህን ሰብስብና ውጣ" አለው ሃርላን።

ዱዌይን አንድ ከረጢት አንጠልጥሎ በእግሩ ወጣ። ቬርና በሩን ልትዘጋ ተከተለችው። ሽታው ሰነፈጣትና ፊቷን አዞረች። እሱ ግን ቆሞ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"እኔ ከሄድኩ የምታሳብቢበት ሰው የለም፤ ቢሆንም ገመዱን መንቀልሽን እንዳትተዪ፣ አባትሽ በደከመ ዓይናቸው ሐይቁ ላይ መንገዱን አያዩትም።"